ሥራ ፈት የተባሉት ሠላሳ ምሰሶዎች

ቢቸና፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የጥቁር ገደል ድንጋይ ከሰል አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሞጣ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከመሬት በላይ ያለው ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቢሮዎ ጣሪያ በአራቱም ማዕዘን ጸንቶ እንደቆመ፣ ከሞጣ ደጀን ለስብሰባ ሲመላለሱ መንገዱ ወገብዎን እንዳላስቸገረው፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ላለፉት አራት ዓመታት የጉድጓድዎን ምሰሶዎች የምቆጣጠረው መሐንዲስ ባንተአምላክ ይርሳው፣ አካሌ ደኅና ነው። ሌላውን እያደር ይረዱታል።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሳይሆን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። ድርጅታችን ውስጥ ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ዋናውን ወረቀት የደበቅሁት ራሴ ነኝና። ባለፈው ኅዳር 15 ቀን ባወጡት ማስታወቂያ፣ የጉድጓዱ ምሥራቅ ክንፍ ሰኞ ኅዳር 22 ተከፍቶ ሠላሳ አንድ ሠራተኞች ወደ ሥራ እንደሚመለሱ ገልጸዋል። የቦታውን ደኅንነት የሚያረጋግጠውም «በባለሙያ የተፈረመ የምሰሶ ጥናት» እንደሆነ በትልልቅ ፊደል አስጽፈዋል። ባለሙያው እኔ ነኝ። ጥናቱ ደግሞ ውሸት ነው። እንግዲህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ፤ አንዳንዱ በእርስዎ ላይ፣ የሚበዛው ግን በራሴ ላይ ስለሆነ፣ የራሴን በእርስዎ አድራሻ በመላኬ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ ባለፈው ዓመት ጥር ወር ደጀን ከተማ በተዘጋጀው የምርት ማሳደጊያ ስብሰባ ላይ ስለሰጡን ትምህርት ከልብ አመሰግናለሁ። የጉድጓዱን ንድፍ በግድግዳው ላይ ባሳየሁ ጊዜ፣ በእስክሪብቶዎ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ፣ «ይሄ ሁሉ ሥራ ፈቶ የቆመ ከሰል ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከሰል ከምድር ሥር ስናወጣ ሁሉንም ጠርገን አናወጣውም። በየመካከሉ ከከሰሉ ከራሱ ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ ምሰሶ ትተን፣ በምሰሶና በምሰሶ መካከል አራት ሜትር መተላለፊያ እንከፍታለን። ያ ምሰሶ በራሱ አናት ላይ ያለውን ሃምሳ ሜትር አለት ብቻ ሳይሆን፣ በዙሪያው ባዶ ባደረግነው መተላለፊያ ላይ ያለውንም ድርሻውን ይሸከማል። ሳይቀመጥ፣ ሳያርፍ፣ በዓል ሳያከብር ይሸከማል። እርስዎ ሥራ ፈት ያሉት ይህንን ነው።

ከዚያም ከየጎኑ «አንዲት ሜትር ብቻ» እንድንሸርፍ መመሪያ ሰጡ። አንዲት ሜትር መቼም ትንሽ ናት። ነገር ግን ከአራቱም ጎን ሲሸረፍ ስድስቱ ሜትር አራት ይሆናል፤ ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት ነው፣ አራት በአራት አሥራ ስድስት ነው። ምሰሶው ከግማሽ በታች ሆነ፤ ሸክሙ ግን የአንዲት ጠጠር ያህል እንኳ አልቀለለለትም። ይህንን ስሌት አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን አንድም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አልተጋበዘም ነበር።

፪. ሁለተኛው አቤቱታዬ በራሴ ላይ ነው። እኔ ድርጅቱን ከመቀላቀሌ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት ሠላሳ ምሰሶዎች ቁጥር አልነበራቸውም። ስም ነበራቸው። የፈረቃው አለቃ ወልደ ሰንበት፣ በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ሰው፣ ወር ሠላሳ ቀን ምሰሶውም ሠላሳ መሆኑን አይቶ ለእያንዳንዱ ቀኑን አድሎት ነበር። የመጀመሪያው ልደታ፣ አምስተኛው አቦ፣ አሥራ ሁለተኛው ሚካኤል፣ ሃያ ሦስተኛው ጊዮርጊስ። በጥቁሩ ግድግዳ ላይ በነጭ ኖራ ተጽፏል። ሠራተኛው የት ነህ ሲባል «ኪዳነ ምሕረት ጋ ነኝ» ይላል፤ ከሞጣ የመጣው ሙስሊሙ ባልደረባችን ሳይቀር «ዛሬ አቦ አጠገብ ነኝ» እያለ ቦታውን ይናገር ነበር። እነዚያን ምሰሶዎች ማንም በድጅኖ አይነካቸውም። መተላለፊያው ሲጠረግ እንኳ በስሕተት የነካ ሰው በእጁ ዳብሶ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና ሳቅሁ። በጉብኝት የሚመጣ እንግዳ ምን ይለናል ብዬ፣ አንድ ባልዲ ቀለም ይዤ ወርጄ ስሞቹን በራሴ እጅ አጠፋኋቸው፤ በላያቸውም ም-01፣ ም-02 እያልኩ እስከ ም-30 ጻፍሁ። ወልደ ሰንበት ፋኖሱን ይዞልኝ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦

«ልጄ፣ ቁጥርን ደግሞ ማን ይፈራዋል?»

እኔም ቁጥር እንዲከበር እንጂ እንዲፈራ አይደለም ብዬ መለስኩለት። በዚያን ቀን በመልሴ ኮርቼ ነበር። የእርስዎ መመሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። ክቡር ሆይ፣ ይህንን በደንብ ያጤኑልኝ፤ ሚካኤልን ሸርፉ ቢባሉ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ደመወዛቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ም-12ን ሸርፉ ሲባሉ ግን ሸረፉት። በሩን የከፈትኩልዎ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ዝም ብለው ገቡ።

፫. ሦስተኛ፣ ስለ እጅ ጽሑፍዎ ውበት ለማመስገን እወዳለሁ። ከደጀን እንደተመለስን ስሌቱን ሠርቼ ጥር 9 ቀን ማስታወሻ ጻፍሁልዎ። አንድ ምሰሶ የሚችለው ከሚሸከመው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለ፤ በድሮው ስፋት ሦስት ነበር። ከተሸረፈ በኋላ አንድ ነጥብ አንድ ይሆናል። መቶ ኪሎ የተሸከመ ሰው ጉልበቱ የሚችለው መቶ አሥር ኪሎ ብቻ ሲሆን ማለት ነው፤ ትንሽ ቢያስነጥሰው ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ውኃው ከሰሉን ስለሚያላላው ከዚህም እንደሚያንስ ጨምሬ ጽፌ ነበር። እርስዎ ወረቀቱን በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። በኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፍዎ፣ «ቁጥሩ ተስተካክሎ ይቅረብ» ይላል።

አቀረብሁ። ከዘጠኙ የከሰል ናሙናዎች ስምንቱን ትቼ እጅግ ጠንካራ የሆነውን አንዱን ብቻ ወሰድሁ፤ ስለ ውኃው የጻፍሁትን አንቀጽ አወጣሁት። አንድ ነጥብ ስድስት መጣ። ያማረ ቁጥር ነው፤ በሌላ አገር በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ፣ ማንንም የማያስደነግጥ። ፈረምሁበት። ማንም አላስገደደኝም፤ ያስፈራራኝ ሰው የለም፣ ከሥራ ትባረራለህ ያለኝም የለም። ይህንን የምጽፈው እርስዎን ለማዳን አይደለም። ተገድጄ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን የኃላፊነት ዕድገቱን ፈልጌ ነው። ዕድገቱንም ሰጡኝ፣ ከምስክር ወረቀት ጋር፤ ስለሁለቱም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ይዤ ወረድሁ። በየምሰሶው ዙሪያ እስከየት እንደሚሸረፍ መስመር አሰመርሁ። ከጉንደ ወይን የመጣው ሽታሁን፣ ም-12 የደረሰው ሠራተኛ፣ ድጅኖውን መሬት ላይ አቁሞ ምሰሶውን ቀና ብሎ አየና፣ «ይሄ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን ረስቶት አይደለም። ከኔ አፍ እንዲወጣ ፈልጎ ነው። እኔም «ምሰሶ ነው፤ ሥራህን ቀጥል» አልሁት። ሽታሁን ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነበር፤ ቀጠለ።

፬. ነሐሴ 20 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የምዕራቡ ክንፍ ተደረመሰ። ከጠዋት ጀምሮ ምሰሶዎቹ ሲሰነጠቁ፣ ከጎናቸው ቅርፊት ሲረግፍ ይሰማ እንደነበር ሠራተኞቹ ተናግረዋል። ወልደ ሰንበት ውጡ ብሎ ጮኾ አሥሩ ወጡ። ሽታሁን ከሁሉም ውስጥ ስለነበረ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። አንዱ ምሰሶ ሲሰበር ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተላለፋል፤ ጎረቤቱም ቀድሞውኑ ከአቅሙ ጫፍ ላይ ስለነበረ እሱም ይሰበራል። ይህ ምን ያህል ፍጥነት እንዳለው ከመጽሐፍ አውቄው ነበር። ሰው ውስጥ እያለ ግን አላየሁትም ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት የት ነበርሁ? ላይ፣ በቆርቆሮው ቢሮዬ ውስጥ፣ ለሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎ የምርት ዕድገት ሥዕል እየሣልሁ ነበር። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ምን እንደሆነ አወቅሁ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ለማንም ያልተናገርሁትን እዚህ ላይ ልናገር። መጀመሪያ የሮጥሁት ወደ ጉድጓዱ አፍ አይደለም። ወደ መሳቢያዬ ነው። የጥር 9ኙን ማስታወሻ፣ የእርስዎ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበትን፣ አውጥቼ ከኮቴ ውስጥ ከተትሁና ከዚያ በኋላ ወደ ሰዎቹ ሄድሁ። ወልደ ሰንበት ፍርስራሹን በእጁ ሲጭር ደረስሁ። እኔም አብሬው ጫርሁ፤ ወረቀቱ ግን ደረቴ ላይ ነበር።

ሽታሁንን ያገኘነው በሁለተኛው ቀን ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ የኛ ሰዎች፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። መጣኙ እኔ ነበርሁ፤ ሥራዬም፣ ዲግሪዬም መመጠን ብቻ ነበር።

፭. አምስተኛ፣ አጣሪ ኮሚቴው ስላሳየው ፍጥነት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሞጣ ላይ በአንድ ቀን ከግማሽ ሥራውን ጨርሶ፣ «አደጋው የደረሰው ሟች ከተፈቀደው መስመር አልፎ ምሰሶውን በመጥረቡ ነው» ብሎ ደመደመ። እኔም ፊታቸው ቀርቤ ነበር። ከጥናቱ በፊት የተጻፈ ሌላ ሰነድ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ የለም አልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ስናገር ወረቀቱ በኮቴ ውስጥ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቀጥሎ ስለ ጸጸቴ አመሰገነኝ፤ ፊቴ ጥቁር ብሎ ስላየው ሐዘን መስሎታል።

ሽታሁን ከመስመሩ አንዲት ጣት እንኳ አላለፈም። ይህን የማውቀው መስመሩን ያሰመርሁት እኔ ስለሆንሁና፣ ካወጣነው ፍርስራሽ ውስጥ ቀይ ቀለም ያለበት የከሰል ጉማጅ በዓይኔ ስላየሁ ነው። መስመሩ ድረስ ጠርቦ መስመሩን ትቶት ነበር፤ በጥንቃቄ፣ አናጢ እንደጠረበው።

ድርጅቱ ለሐዘኑ ያሠራውን ጨርቅም ሳላመሰግን አላልፍም። «ለወንድማችን ሽታው» ይላል፤ ሽታሁን ለማለት ነው። ባለቤቱ ፈንታነሽ ጨርቁን አላወረደችውም፤ ስሙን ግን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ፍቃ አጥፍታው አየሁ። ለለቅሶ በሄድሁበት ቀን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መቀመጫ ሰጥታኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አብዝቶ ጠርቦ ነው የሚሉት እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአፌ የወጣው «እየተጣራ ነው» የሚል ነው። ይህን የቢሮ ቃል ከእርስዎ ነው የተማርሁት፤ ሆኖም በሐዘን ቤት ለመጠቀም የደፈርሁት እኔ ነኝ። ልጆቿ አባታቸው ራሱን በራሱ የገደለ ችኩል ሰው እንደነበር እየሰሙ ትምህርት ቤት ይመላለሳሉ። ይህን ስድብ በአንድ ቃል ላነሣላቸው እችል ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ አላነሣሁም።

፮. የመጨረሻው አቤቱታ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። የምሥራቁ ክንፍ አሥራ አራት ምሰሶዎች በዚያው በእኔ ቀይ መስመር ተሸርፈው አራት ሜትር ቀርተዋል። ምዕራቡ ሲወድቅ ይሸከመው የነበረው ሸክም ከፊሉ ወደ እነሱ ዞሯል። ከመስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ወርጄ አይቻቸዋለሁ፤ በአምስቱ ላይ ከአናት እስከ ሥር ስንጥቅ አለ፣ በአንዱ ስንጥቅ ውስጥ እጄ እስከ አንጓዬ ይገባል። እርስዎ አልወረዱምና አላዩትም። ጉድጓዱ አፍ ላይ የራስ ቁር አጥልቀው የተነሡትን ፎቶ ግን ሁላችንም አይተነዋል፤ ቁሩ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር።

ስለዚህ እኔ ባንተአምላክ ይርሳው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. የፈረምሁትን የምሰሶ ጥናት ከዛሬ ጀምሮ ሰርዣለሁ። ቁጥሩን ያዛባሁት እኔ ነኝ። በዚህ ፊርማ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ አይግባ። ለሠላሳ አንዱ ሠራተኞች፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁና፣ ሰኞ ጠዋት እንዳትወርዱ እለምናችኋለሁ፤ ብትሰድቡኝም እወዳለሁ፣ ከላይ ሆናችሁ ስደቡኝ። የጥር 9ኙን ማስታወሻ ዋናውን ትናንት ቢቸና ለፖሊስ አስረክቤ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ጠርቶ የሚጠይቀኝ ሲመጣ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻም ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ከራስዎ በላይ የማይሰነጠቅ ጣሪያን፣ ከእግርዎ በታች የማይንቀጠቀጥ መሬትን፣ ከፊትዎም «ቁጥሩ ተስተካክሎ ይቅረብ» ሲባል እምቢ የሚል አንድ መሐንዲስ እንዲሰጥዎ እየለመንሁ፣ እኔ ያንን መሐንዲስ ባለመሆኔ እያፈርሁ እሰናበታለሁ።

ዕድገትዎን የተቀበለው፣ እምነትዎን ያላጎደለው፣ የሽታሁንን ሞት የፈረመው
ባንተአምላክ ይርሳው

ግልባጭ፦
ለፈንታነሽ፣ ጉንደ ወይን
ለወልደ ሰንበትና ለፈረቃው ሠራተኞች በሙሉ
ቅዳሜ በቢቸና ገበያ ማንበብ ለሚችልና ለሚነበብለት ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ጉንደ ወይን ወርጄ ለፈንታነሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላት። አላለቀሰችም፣ አልረገመችኝም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝ፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «መቼ ነው ያወቅኸው?» ጥር ላይ ነው አልኋት። ከጥር በኋላ እስከ ነሐሴ ያሉትን ወራት ፊት ለፊቴ በጣቷ ቆጠረች፤ ሰባት ናቸው። ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እርስዎ ሰኞ ለምሥራቁ ክንፍ መክፈቻ ወደ ጉድጓዱ እንደሚመጡ ነግሬያት፣ ሞጣ ድረስ ከመድከም እዚያው አፉ ላይ ቆማ እንድትጠብቅዎ ተስማምተናል። የምትጠይቅዎ ያንኑ አንድ ጥያቄ ነውና፣ የሚመልሱላትን ወር ከወዲሁ ይምረጡ።